በሰባት ሁለቱን

እኔን አልጋ ላይ የጣለኝ በሽታ የጀመረው ከእግሬ አውራ ጣት ጥፍር ነው። ይህን ስናገር ፈገግ የሚል ሰው አይጠፋም፤ እኔም አሁን ፈገግ እላለሁ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ያኔ ግን የሚያስቅ አልነበረም። ለጥፍር የተሰጠኝ መድኃኒት ጉበቴን ይዞት ሊሄድ ምንም አልቀረውም ነበር። ይህን የምጽፈው መድኃኒት ቤት ገብቶ «እሺ፣ ገባኝ» ብሎ ለሚወጣ ሰው ሁሉ ነው። እኔም ገብቶኝ ነበር።

አገሬ መንዝ ነው። አሶሳ የመጣሁት ለእንጀራ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው በጾሬ የስደተኞች ጣቢያ፣ ለሠራተኞች በሚያበስለው ወጥ ቤት የጠዋት ተረኞች ኃላፊ ነኝ። ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ሰርቪስ ይወስደናል፣ ስድስት ሰዓት ላይ መልሶ ከተማ ያደርሰናል። የወጥ ቤቱ ወለል ውሃ አይለየውም፤ ስለዚህ የፕላስቲክ ቦቲ ጫማ እናደርጋለን። አሶሳ ደግሞ መንዝ አይደለም። በዚያ ሙቀት ቦቲ ውስጥ የዋለ እግር ምን እንደሚሆን የሠራበት ያውቀዋል። መጀመሪያ ጣቶቼ መካከል አሳከከኝ። ቆይቶ የአውራ ጣቴ ጥፍር ቢጫ ሆነ፣ ወፈረ፣ ጠርዙ እንደ ደረቀ ቂጣ ይፈረፈር ጀመር።

የሚታየው ቤት ውስጥ ብቻ ቢሆን እተወው ነበር። ቤተ ክርስቲያን ጫማ አውልቄ ስገባ ግን እግሬን ከቀሚሴ ጫፍ ሥር መደበቅ ጀመርኩ። ቅዳሴ ቆሜ ሐሳቤ ጥፍሬ ላይ ሲሆንብኝ፣ ይህስ አይሆንም ብዬ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ሐኪሙ የጥፍር ፈንገስ መሆኑን፣ በቅባት እንደማይለቅ፣ በአፍ የሚዋጥ መድኃኒት እንደሚያስፈልገውና አዲስ ጥፍር እስኪያድግ ስድስት ወር ያህል እንደሚፈጅ ነገረኝ። ማዘዣውን ይዤ መድኃኒት ቤት ገባሁ።

መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተር ይጮኻል። ሰዉ መስኮቱ ላይ ተደራርቧል። ፋርማሲስቱ ይህ መድኃኒት አልፎ አልፎ ነው የሚመጣው፣ የስድስት ወሩን ጠቅልለሽ ውሰጂ አለና እንክብሎቹን ሰጠኝ። ከዚያ ከጄኔሬተሩ ድምፅ በላይ ጮክ ብሎ፣

«በሰባት ሁለቱን፣ ከምግብ በኋላ» አለኝ።

«በሰባት?»

«አዎ፣ በሰባት።»

ንግግራችን ይኸው ነው። ሁለታችንም አንድ ቃል ተናገርን፤ ሁለታችንም የተግባባን መስሎን ተለያየን። እሱ በሰባት ቀን ማለቱ ነበር። እኔ በሰባት ሰዓት።

እኔ ደግሞ የታዘዝኩትን ሳላዛንፍ የምፈጽም ሰው ነኝ። እናቴ በልጅነቴ «አስካለች የተባለችውን ትሠራለች፣ ካልተባለች ግን አትሠራም» እያለች ትስቅብኝ ነበር። የዚያኑ ቀን ስልኬ ላይ ማንቂያ ሞላሁ፣ ለሰባት ሰዓት። እንክብሎቹን ከማሸጊያቸው አውጥቼ ክዳን ባላት ትንሽ ብልቃጥ ጨመርኳቸውና ከራስጌዬ ከእመቤታችን ሥዕል አጠገብ አስቀመጥኳት።

ያስቸገረኝ ጾሙ ነው። ዐቢይ ጾም ገብቷል፤ እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው የምቆየው። መድኃኒቱ «ከምግብ በኋላ» በሰባት ከሆነ፣ ጾሜ በየቀኑ በሰባት ይፈታል ማለት ነው። ለምን ዘጠኝ ላይ አልውጠውም ብዬ አሰብኩ። ግን የሐኪም ትእዛዝ በገዛ እጄ መለወጥ ፈራሁ። መንዝ ያሉት የንስሐ አባቴ ዘንድ ደወልኩና ነገሩን አስረዳኋቸው።

«ልጄ፣ በሰዓቱ ካሉሽ በሰዓቱ ነው» አሉኝ። «ጾሙን እግዚአብሔር ያውቅልሻል።»

ከዚያ ወዲያ ማን ይመልሰኝ።

የምኖረው እማ ሐዋ ግቢ ውስጥ ተከራይቼ ነው። እማ ሐዋ የአሶሳ ተወላጅ፣ የበርታ ሴት ናቸው። አማርኛን የተማሩት ከገበያ ነውና ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ነው የሚሉት። መጀመሪያ ሰሞን ግር ይለኝ ነበር። አሁን ሌላ ሰው «አንቺ» ሲለኝ የተቆጣኝ ይመስለኛል። በዚያ ዓመት ረመዳንና ዐቢይ ጾም ስለተገናኙ አንድ ግቢ ውስጥ ሁለታችንም ጾመኞች ነበርን። ማንቂያዬ ሲጮህ እሳቸው ማንጎው ሥር ምንጣፋቸው ላይ ናቸው። ጾመኛ ፊት መብላት አፍሬ በሬን ዘግቼ ስጎርስ ሰምተው አንኳኩ።

«ለምን ትደበቃለህ? ሕመምተኛ አይጾምም። እኛ ጋም እንዲህ ነው። ና፣ ጥላ ውስጥ ብላ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንቂያውን ከእኔ ቀድመው የሚሰሙት እሳቸው ሆኑ። «ያ ቢንቲ፣ ሰባት ሆነ፣ ደዋህ!» ይላሉ። ያ ቢንቲ «ልጄ ሆይ» ማለት ነው፣ ደዋ ደግሞ መድኃኒት። ከሥራ ደክሞኝ ተኝቼ እንኳ ቢያገኙኝ ቀስቅሰው፣ አብልተው፣ ደርቆ የዋለ ጉሮሮአቸውን በምራቅ እያራሱ፣ እኔን ውሃ ያስጠጡኝ ነበር። እንግዲህ አስቡት። አንድ ቄስ፣ አንድ ሙስሊም እናት፣ አንድ ስልክና አንድ ጠንቃቃ ሴት ተጋግዘን የስድስት ወሩን መድኃኒት በአንድ ወር ለመጨረስ ተነሣን።

መጀመሪያ የመጣው ድካም ነው። ከድስቱ ጋር መታገል የለመድኩት ሴት ጭልፋ ከበደኝ። ቀጥሎ የዘይት ሽታ ሆዴን ያገላብጠው ጀመር፤ ወጥ ቤት ለሚውል ሰው ይህ ትልቅ ጣጣ ነው። ጾሙ ነው አልኩ። ሙቀቱ ነው አልኩ። በቀኝ ጎኔ ከጎድን አጥንቴ ሥር አንድ የሚከብድ ነገር ሲሰማኝ ደግሞ ቦቲው ነው፣ አረማመዴ ተበላሽቶ ነው አልኩ።

አሶሳ ውስጥ የደከመው ሰው መጀመሪያ ወባ ነው የሚባለው። የሄድኩበት ክሊኒክ ደሜን አየና ወባ አለሽ ብሎ መድኃኒት ሰጠኝ። ጨርሼ ባሰብኝ። ሌላ ክሊኒክ ታይፎይድ ነው አለኝ፤ የዚያንም ወሰድኩ። ማቅለሽለሹ ሲጠና ጨጓራ ነው ተባልኩ። አግዳሚ ወንበር ላይ ተራ መጠበቅ የቀትር ሥራዬ ሆነ። ከሰዉ ጋር ተላመድን። ማን ከማን ቀጥሎ እንደመጣ የሚያስታውሱ አንድ የባምባሲ ሽማግሌ ነበሩ፤ ለገባ ሁሉ በኦሮምኛም በአማርኛም «ከፊትህ ያለው እሱ ነው» እያሉ ተራ ያስይዙ ነበር። የእኔን ፊት አይተው ተራቸውን ሁለት ጊዜ ለቀውልኛል። እግዚአብሔር ይስጣቸው።

በሄድኩበት ሁሉ አንድ ጥያቄ ይጠይቁኛል፤ «ሌላ የምትወስጂው መድኃኒት አለ?» እኔም የለም እላለሁ። አልዋሸሁም። መድኃኒት ማለት ለሕመም የሚወሰድ ነው፤ እኔ የምወስደው ለጥፍር ነው። ጥፍርን ደግሞ ሕመም ነው ብሎ የሚቆጥር አእምሮ የለኝም። ወረፋው ከሰባት ካሳለፈኝ ብልቃጢቷን ከቦርሳዬ አወጣና፣ ዳቦዬን ገምጬ፣ እዚያው አግዳሚው ላይ ሁለቱን እውጣለሁ። የወባውን፣ የታይፎይዱን፣ የጨጓራውን አንዳንዴ ረስቼ አውቃለሁ። የሰባት ሰዓቱን ግን አንድም ቀን አልረሳሁም።

የኢድ ዕለት እማ ሐዋ ልጆቻቸውና ጎረቤቱ ሁሉ በተሰበሰበበት ጠርተው ከአጠገባቸው አስቀመጡኝ። እኔ ጾም ስለሆንኩ ለብቻዬ ማንጎ ልጠውልኝ ነበር። ሳህኑን ሲያቀብሉኝ ዓይኔን አዩና እጃቸው ቆመ። አገጬን ይዘው ወደ ብርሃኑ መለሱኝ።

«ወላሂ፣ ዓይንህ ማንጎ ሆነ» አሉ።

ልጆቹ ሳቁ። እሳቸው አልሳቁም።

መስታወት ፊት ቆምኩ። የዓይኔ ነጩ የለም፤ ቢጫ ነው። ሽንቴ ከሰነበተ ጀምሮ እንደ ወፍራም ሻይ መጥቆሩን፣ ሰውነቴን ሌሊት ሌሊት የሚበላኝ ማሳከክ መነሻው ትንኝ አለመሆኑን ያን ጊዜ አንድ ላይ አስተዋልኩት። ማታ እናቴ ስትደውል ድምፄ አሳበቀብኝና ነገርኳት። እሷም ወዲያው አወቀችው።

«የወፍ በሽታ ነው! አስኩ፣ ልጄ፣ በማርያም፣ መርፌ እንዳትወጊ። የወፍ በሽታ መርፌ ከነካው ሰው አይተርፍም። ወንድምሽን ተፈራን እልከዋለሁ።»

እኛ ዘንድ ዓይን ቢጫ ሲሆን የወፍ በሽታ ይባላል፤ ሐኪም አያውቀውም፣ የሚያውቀው ቅጠል በጣሽ ነው ይባላል። እኔም ይህን ሰምቼ ነው ያደግኩት። ያን ሌሊት ዳዊቴን ይዤ ተቀምጬ፣ አንዱን መዝሙር ጀምሬ ሳልጨርስ፣ መርፌ ነው የሚገድለኝ ወይስ አለመወጋት እያልኩ አነጋሁ። ከሁሉ ያስፈራኝ መሞቱ አይደለም፤ ከሰው አገር፣ እናቴ ሳታየኝ መሞቱ ነው።

ጠዋት እማ ሐዋ ጥያቄም አልጠየቁኝ። ባጃጅ በር ላይ አቁመው፣ በላዬ ላይ የራሳቸውን ሻሽ ጣል አድርገው፣ ሆስፒታል ወሰዱኝ።

የተመለከተችኝ ሐኪም ወጣት ሴት ናት፣ ቀስ ብላ የምትናገር። ደሜ ሲመረመር ጉበቴ ክፉኛ መጎዳቱ ታየ። ጉበት የሚያጠቁት ቫይረሶች ተፈልገው አልተገኙም። መጠጥ ትጠጪያለሽ ወይ ስትለኝ አማተብኩ። መድኃኒት ስትለኝ የወባውን፣ የታይፎይዱን፣ የጨጓራውን ነገርኳት፤ የጥፍሩን አላነሣሁም። ደስ እንዳላላት ከፊቷ ያስታውቅ ነበር። የደምሽ ምርመራ ቁጥር እነዚህ መድኃኒቶች ከሚያደርሱት በላይ ነው፣ ምክንያቱን ካላወቅሁት ማቆም አልችልም አለችና አስተኛችኝ። ክንዴ ላይ መርፌ ተሰክቶ ግሉኮስ ተንጠለጠለልኝ። ዓይኔን ጨፍኜ የእናቴን ድምፅ እየሰማሁ ተቀበልኩት።

ጉበት በጣም ሲደክም አእምሮንም ያደናግራል አሉ። ለዚህ ጠዋት ጠዋት ነርሱ መጥቶ ስምሽ ማን ነው፣ ያለሽው የት ነው፣ ዛሬ ምንድን ነው ብሎ ይጠይቃል። ነርሱ ዑመር ይባላል፣ ከኩርሙክ በኩል የመጣ የበርታ ልጅ ነው። በነጋታው ጠዋት መጣ። ስሜን ነገርኩት። አሶሳ ሆስፒታል አልኩት።

«ዛሬ ምንድን ነው?»

«ጊዮርጊስ።»

«ባለቤትሽ ነው?»

«የለም፤ ዛሬ። ዛሬ ጊዮርጊስ ነው።»

ፊቱ ተለወጠ። ቀስ ብሎ ወጥቶ ከዶክተሯ ጋር እየተጣደፈ ተመለሰ። ታካሚዋ መደናገር ጀምራለች፣ ቀኑን ስጠይቃት የሰው ስም ትጠራለች ብሎ ነገራት። ዶክተሯ ወደ እኔ አየች፣ ወደ ስልኳ አየች፣ ከመጣሁ ለመጀመሪያ ጊዜ ሣቀች። «ሃያ ሦስት ማለቷ ነው። ከእኔና ካንተ ይልቅ ቀኑን የምታውቀው እሷ ናት» አለችው። ዑመር አፈረ። ከዚያ ወዲህ ግን ጥያቄውን ለወጠው፤ ገና ከበሩ «እኅቴ፣ ዛሬ ማን ነው?» ይለኛል።

እማ ሐዋ የዚያኑ ጠዋት ልብሴን፣ ዳዊቴንና ብልቃጢቷን ይዘውልኝ መጡ። «ደዋህን ረሳህ» ብለው ከትራሴ ሥር አደረጓት።

ቀትር ላይ ወንድሜ ጋሼ ተፈራ ደረሰ። ገበሬ ነው፤ ከመንዝ ወጥቶ አዲስ አበባን አልፎ አያውቅም ነበር። በአሶሳ ሙቀት የመንዙን ጋቢ እንደተከናነበ፣ ላቡ በጺሙ እየወረደ፣ አቧራ ለብሶ በሩ ላይ ቆመ። እጁ ውስጥ ጥቁር አረንጓዴ ፈሳሽ የሞላ የውሃ ፕላስቲክ ይዟል። መጀመሪያ ያየው ፊቴን አይደለም፣ ክንዴን ነው።

«ወጓት» አለ፣ ለራሱ። ግድግዳው ላይ ተደገፈ።

ከዚያ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጦ እጄን ይዞ ቆየ። እናቴ ከሰማች ጀምሮ እህል አልቀመሰችም አለኝ። መድኃኒቱን የበጠሱልን በእኛ አገር ስንት ሰው ያዳኑ ናቸው፤ እዚሁ አንድ ብርጭቆ ትጠጪና ነገ በመጀመሪያው አውቶቡስ እንሄዳለን አለ። እንቢ ለማለት አፌ አልታዘዘኝም። አባታችን ከሞተ ጀምሮ ያሳደገኝ እሱ ነው። እናቴን ማየትም አማረኝ። ዑመር ነገሩን አይቶ ዶክተሯን ጠራት።

ጋሼ ተፈራ ተነሥቶ ጎንበስ ብሎ ሰላምታ ሰጣት። ክብር አያጎድልም።

«ዶክተር፣ ልጃችንን ስላያችሁልን እናመሰግናለን። አሁን ልወስዳት ነው።»

እሷም ያን ሁሉ መንገድ እንደማልችል፣ ጉበት ማለት የምንውጠው ሁሉ የሚጣራባት ወንፊት እንደሆነች፣ ይህች ወንፊት ተቀዳዳ ባለችበት ሰዓት ምንነቱ ያልታወቀ ቅጠል ቢጨመርባት ላትመለስ እንደምትችል አስረዳችው። ጮኻ አልተናገረችም። እሱም አልጮኸም።

«እሺ፣ የእኔ ምንነቱ አይታወቅም እንበል» አለ። «የእናንተስ? ምን እንደነካት ታውቃላችሁ?»

ዶክተሯ የምርመራውን ወረቀት አገላበጠች።

«አታውቁትም። እንግዲያው እኛ እናውቀዋለን።»

ፕላስቲኩን ከፍቶ ብርጭቆ ፈለገ። መራራው ሽታ ክፍሉን ሞላው። እኔ ወደ እሱ አይቼ፣ ወደ እሷ አይቼ፣ እመቤቴ ሆይ አንቺ ምረጪልኝ አልኩ። ይህን እያጋነንኩ አይደለም፤ እንዲህ ብዬ ሳልጨርስ ስልኬ ጮኸ። ሰባት ሰዓት።

እጄ በልማዱ ትራሴ ሥር ገባ። ብልቃጢቷን ከፍቼ ሁለቱን መዳፌ ላይ አደረግሁና ጋሼ ተፈራን፣ ብርጭቆውን ስጠኝማ፣ ግን መጀመሪያ ውሃ አድርግበት አልኩት።

«ምንድን ነው እሱ?» አለች ዶክተሯ።

«ይቺ እንኳ የጥፍሬ ናት። ሰዓቷ ደርሶ ነው።»

መጥታ ከመዳፌ ላይ አነሣቻቸው። እያገላበጠች ላያቸው ላይ የታተመውን አነበበች። ድምፅዋ በጣም ቀጠነ።

«አስካለች፣ ይህን በስንት ጊዜ ነው የምትወስጂው?»

«በሰባት።»

«በሰባት ቀን?»

«በሰባት ሰዓት እንጂ። በየቀኑ። ከትናንት በቀር አንድም ቀን አልዘለልኩም» አልኳት፤ ጎበዝ የምትለኝ መስሎኝ።

አልጋው ላይ ቁጭ አለች። ብልቃጢቷን አንሥታ አየች፤ ከሥር ጥቂት ፍሬ ብቻ ነው የቀረው። ለስንት ጊዜ እንደተሰጠኝ ጠየቀችኝ፣ ለስድስት ወር አልኩ። መቼ እንደጀመርኩ ጠየቀችኝ፣ ጾሙ ከገባ ወዲህ አልኩ። ያን ጊዜ እኔም ገባኝ። ሰባት የሚለው ቃል ጭንቅላቴ ውስጥ እንደ ሳንቲም ሲገለበጥ ተሰማኝ።

ጋሼ ተፈራ ከሁለታችን ፊት ነገሩን ለማንበብ እየሞከረ ቆሟል። ዶክተሯ አስረዳችው፤ ይህ መድኃኒት ክፉ አይደለም፣ በሳምንት አንድ ቀን ሲወሰድ ብዙ ሰው ይድንበታል፣ ግን ጉበት አንዱን ሳታጣራ ሌላው በየቀኑ ተደረበባት አለችው። ወፍም አይደለም፣ ወባም አይደለም፣ ይኸው ነው።

«ታዲያ ማርከሻው ምንድን ነው?»

«መተው ነው። ይህንንም፣ ያንንም» አለች፣ በአገጯ ወደ ፕላስቲኩ እያመለከተች። «ጉበት ፋታ ካገኘች ራሷን ትጠግናለች። እኛ እንጠብቃታለን። ጊዜ ካለፈባት ግን አልዋሽህም፤ በሚቀጥሉት ቀናት ነው የሚለየው።»

ወንድሜ ብዙ አሰበ። የፕላስቲኩን ክዳን መልሶ አጠበቀና አልጋው ሥር አስቀመጠው። ጋቢውን አውልቆ አጣጥፎ እግሬ ሥር አደረገ። የሚሄድ ሰው ጋቢውን አያወልቅም፤ እንደሚቆይ በዚህ አወቅሁ።

መጠበቅ ከባድ ሥራ ነው። መድኃኒት ሲሰጥ ሰው የሆነ ነገር እየተደረገልኝ ነው ይላል። እኔ ደም ሲወሰድብኝ ካልሆነ ምንም አይደረግልኝም። ቁጥሩ መጀመሪያ ጨመረ። ዶክተሯ ደሜ መርጋት እንዳይሰንፍ ብላ የድዴንና የአፍንጫዬን ነገር በየቀኑ ታያለች። ማሳከኩ ቆዳዬን ገፍፌ ልጣለው ያሰኘኝ ነበር። ጋሼ ተፈራ በካርቶን ክዳን እያራገበልኝ፣ መንዝ ውስጥ ማን ከማን ድንበር እንደተጣላ፣ የትኛዋ ላም እንደወለደች ሲነግረኝ ያነጋል። ከቤተ ክርስቲያን የመጣልኝን ጸበል ዶክተሯ አልከለከለችኝም፤ በጥቂቱ ቅመሺ አለችኝ። እማ ሐዋ በየቀኑ ሩዝና ማንጎ ይልካሉ። ለጋሼ ተፈራ ጾሙን ጠይቀው፣ ሥጋ ያልነካው ድስት ለይተው ነበር የሚያበስሉለት። እሱ መጀመሪያ ቀን አልበላም ሊል ነበር። ሁለተኛ ቀን ሳህኑን በጣቱ ጠረገ።

አንድ ቀን ጠዋት ዑመር ከበሩ ላይ ቆሞ አልጠየቀኝም።

«ዛሬ እኔ ልንገርሽ» አለ። «ጥበቃውን ጠይቄ ነው የመጣሁት። ዛሬ መድኃኔ ዓለም ነው።»

ከኋላው ዶክተሯ ነበረች። ቁጥሩ ወርዷል አለችኝ። ጥቂት ነው፣ ግን ወርዷል። በማግስቱም ወረደ። መድኃኒት ያልተሰጠው ሕመም በመድኃኔ ዓለም ዕለት መለስ ማለቱን እኔ እንደ እምነቴ ተቀብዬዋለሁ፤ ዶክተሯ እንደ ሙያዋ ትቀበለው። ሁለቱ አይጣሉም። እናቴ በስልክ እልል ስትል ክፍሉ ሁሉ ሰማ።

ለሆሳዕና ቤቴ ገባሁ። ዓይኔ ነጭ እስኪሆን ገና ጊዜ ፈጅቷል፤ ድካሙም ክረምቱን ሙሉ በደህና አልለቀቀኝም። ግን እየሄደ ነበር። ጋሼ ተፈራ ፋሲካን እኛው ግቢ ዋለ። ወደ አገሩ ሊመለስ ሲል ያን ፕላስቲክ ይዞ ወጥቶ፣ ሰው ያላየው መስሎት፣ ማንጎው ሥር አፈሰሰው። እማ ሐዋ ከበረንዳቸው እያዩት ነበር።

«ማንጎው ታሞ ነበር?» አሉት።

«ለማንኛውም ብዬ ነው፣ እናቴ» አላቸው። ሁለቱም በያሉበት ሳቁ።

ደኅና ስሆን መድኃኒት ቤቱ ሄድኩ። ለመክሰስ አይደለም። መስኮቱ ላይ ሰው እስኪቀንስ ጠብቄ፣ የሆነውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ለፋርማሲስቱ ነገርኩት። ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጭኖ ቁጭ አለ። እኔ እኮ በሰባት ስል ሁሉም ሳምንት መሆኑን የሚያውቅ ይመስለኛል አለ። እኔም፣ እኔ እኮ በሰባት ስባል ሁሉም ሰዓት መሆኑን የሚያውቅ ይመስለኛል አልኩት። ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር ልገዛ ቆሜ ሳለሁ፣ ለአንዲት ሴት መድኃኒት ሲሰጥ «በሳምንት አንድ ቀን ነው፤ የትኛው ቀን ይመችሻል?» ሲላት ሰምቻለሁ። «ሐሙስ» አለችው። «እንግዲያው ሐሙስ ሐሙስ። ካልሆነ ቀን እንዳትነኪው።»

እናንተም እንዲህ አድርጉ። «ገባኝ» ከማለታችሁ በፊት የገባችሁን መልሳችሁ ንገሩት፤ ምን ያህል፣ በቀን ወይስ በሳምንት፣ እስከ መቼ። ሐኪም ምን መድኃኒት ትወስዳላችሁ ሲላችሁ የጥፍሩንም፣ የፀጉሩንም፣ ቅጠሉንም ንገሩት። ዓይናችሁ ቢጫ ከሆነ፣ ሽንታችሁ ከጠቆረ፣ ስሙ ወፍም ይሁን ሌላ፣ ሳትውሉ ሳታድሩ ሆስፒታል ሂዱ። መርፌው አልገደለኝም፤ ይህን እናቴም አሁን ለሰው ትመሰክራለች።

ጥፍሬን ከጠየቃችሁኝ፣ አሁንም እንደዚያው ነው። ያንን መድኃኒት ዳግመኛ እንዳልነካው ተነግሮኛል። እግሬን ከቦቲው አውጥቼ አደርቃለሁ፣ ካልሲ እቀይራለሁ፣ ቤት ስገባ ክፍት ጫማ አደርጋለሁ። ቅዳሴም ስቆም አልደብቀውም። ይኑር።

ይኸው ዘንድሮም ረመዳንና ዐቢይ ጾም ተገናኙ። ዶክተሯ መጾም ትችያለሽ ስላለችኝ ዘንድሮ ጾሜን እንደ ድሮዬ ይዣለሁ። የስልኬን ማንቂያ ግን አላጠፋሁትም፤ ለምን እንደሆነ እኔም አላውቅ። በመጀመሪያው ሳምንት፣ ከሥራ ገብቼ ጋደም ብዬ ሳለሁ ጮኸ። እማ ሐዋ ማንጎው ሥር ምንጣፋቸው ላይ ናቸው።

«ያ ቢንቲ፣ ሰባት ሆነ» አሉ፣ ከልማዳቸው። «አትበላም?»

«ጾም ነኝ፣ እማ ሐዋ። በዘጠኝ ነው የምበላው።»

ከዚያ ምንጣፉ ላይ ቀና ብለው ወደ በሬ ዞሩ።

«ዘጠኝ ሰዓት ነው» አሉኝ፣ «ወይስ ዘጠኝ ቀን?»